ሊሾ

ጎማ ማንበብ እችላለሁ፤ ሌላ ፊደል አልቆጠርኩም፤
ሉማሜ ከአስፋልቱ ዳር ሃያ ዓመት አጎንብሼ
ሌላ ትምህርት አልተማርኩም።
ዳር ዳሩ የተበላ እንደሆን፣ ጌታው ኩርባ ላይ አይቀንስም፤
ቦታ ቦታ የተላጠ እንደሆን፣ ሳያይ ፍሬን አይረግጥም፣
ካየም በኋላ አይደርስም።

ቁልቁለቱን በማርሽ የሚወርደውን በጩኸቱ እለየዋለሁ፤
ነዳጅ ሊቆጥብ በነጻ የሚለቀውን ግን በዝምታው፤
ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ነው
አህያን ከነጭነቷ የሚበላው።

ሚስማር ውጦ የሚመጣ አለ፤ ጠጠር ነክሶ የሚመጣ፤
ከአንዱ ግን፣ ክረምት ላይ፣ ከኋላ ጥንዱ መሀል
የነጠላ ጥለት ወጣ።
አልጠየቅሁም፤ ሂሳቤን ቆጠርኩ፤
እሱም አልነገረኝ፤ ጎማውን አሰርኩ።

ያን ሌሊት ዝናብ ነበር።
መኪናው ፍሬን ያዘ፤ ተሳቢው አልሰማም፣ ገፋው፤
ሁለቱ ተስማምተው እስኪቆሙ
የቆርቆሮዬን ደጅ አለፈው።
ዘሎ ወረደ ሾፌሩ፤ ቸኮል ይባላል፤ ሲወለድ
እናቱ ያየች ይመስል የልጇን እግርና መንገድ።
ከቡሬ በቆሎ ጭኗል፤
ወረቀቱ ሦስት መቶ ይላል፤ ባሌስትራው ሌላ ይላል።
ዓይኑ ሁለት ሌሊት ያልተከደነ፤ ጉንጩ በጫት አብጧል፤
ስልኩ ይጮኻል፣ ያነሳል፤
«ጌታዬ፣ አባይን ተሻግሬ ዳገቱን ጨርሻለሁ» ይላል፤
አባይ ገና ከፊቱ ነው፤ ጭጋጉን ለብሶ ተኝቷል።

ረዳቱ ደሳለው፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
ታኮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣
ጎማውን ተደግፎ ተኛ፣
ከዝናቡም ከሰውም አርፎ።

በእጄ ዳሰስኩት። ሊሾ።
ጥርሱ አልቆ፣ እንደ ሆቴል ወለል ለስልሶ፣
ሽቦው ወጥቶ ጣቴን ነከሰኝ።
«ይኼ አይለጠፍም» አልኩት።
«እስከ ደጀን ብቻ» አለኝ፤ «እስከ ደጀን ያድርሰኝ።»
ሦስት መቶ አወጣ። ዝም አልኩ። አምስት መቶ አደረገው።
የኮምፕረሰሬን ናፍጣ በዱቤ ነበር የሞላሁት፤
ይኼን ለማንም አላልኩ፤ እዚህ ልናገረው።
ማስቲሽ ቀባሁ፤ ላስቲክ ቆረጥኩ፤ በእሳት ተጭኜ አጣበቅኩ፤
«እግዜር ይስጥህ» ብሎኝ ሄደ፤
ቀዩ መብራቱ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅኩ።

የትኖራ ደረሰ።
ባጃጇ ላይ ደረሰ።
የባጃጇ ልጅ ስመኘው፤ ከኋላ ጥሩዬ አንማው፣
ማር በሁለት ጀሪካን ጭና፤
አንዱ ለገበያ፣
አንዱ ለልጅ ልጇ ክርስትና።

ሰው ተነሳ፤ ብረት ተነሳ፤ አሸዋ ደሙ ላይ ተበተነ፤
ማሩን ግን ማን ያንሳው? ከአስፋልቱ ጋር አንድ ሆነ።
የበቆሎው ባለቤት መጣ፤ የተቀደደ ጆንያ ቆጠረ፤
ስለ ማሩ የጠየቀ አልነበረ።

ንቦች መጡ።
ከጓሮዋ ይሁን ከዱር፣ እንጃ፤ ሳምንት ሙሉ መጡ፣
የራሳቸውን ሊመልሱ፤
መኪና ሲመጣ ይነሳሉ፣
ሲያልፍ ይመለሳሉ፣
በየዙሩ ጥቂት ያንሳሉ።

ሄጄ አየሁት ጎማውን፤ እንደ እባብ ቆዳ ተጋድሟል፤
ላስቲኬን ፈለግኩ፤ አገኘሁት፤
የእኔው ልጥፍ፣ አንድ ጫፉ ሳይላቀቅ፣ ጸንቷል።
የፈነዳው ከጎኑ ነው፣ አንድ ስንዝር አልፎ።
ትራፊኩ ሜትር ይዞ ይለካል፤ ሰው ያለቅሳል፤
እኔ ግን፣ ለአንዲት ቅጽበት፣
በእጄ ኮራሁ፤ ደስ አለኝ።
ሌሊት ሌሊት ደሙ አይደለም፤
እሷ ደስታ ናት የምትቀሰቅሰኝ።

ቸኮል ማረሚያ ቤት ነው። ደሳለው በሌላ መኪና፣
ሌላ ታኮ ታቅፎ
አልፏል ትናንትና።

ዛሬም መብራታቸውን ፊቴ ላይ ይተክላሉ፤
«እስከ ደጀን ብቻ» ይላሉ።
እምቢ እላለሁ። አይቆጡም፤
መንገዱን ይሻገራሉ።
ከማዶ አዲስ ጎሚስታ አለ፤
እጁ ፈጣን ነው፣ ዋጋም አልጨመረም፤
ልጅ ነው፤
ማንበብ ገና አልጀመረም።